ፓፉ እንደ ድሮው አልይዝ ሲል ሪሰፕተሩ ወዴት ሄዶ ነው?

የጂጋዋ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ጂጋ መጥቻለሁ። ጥያቄዬ ግማሹ የትምህርት ነው፣ ግማሹ የቤት።

አክስቴ አስም አለባት። አሁን የጤፍ ውቂያ ነው፤ አውድማው ደግሞ ከቤታችን ጀርባ። እብቁ መነሳት ሲጀምር ደረቷ ያፏጫል። ሰማያዊዋን ፓፍ ከመቀነቷ ትፈታና ትስባለች፤ ትንሽ ትቆይና ትደግማለች። «ድሮ አንዴ ስስበው ደረቴ ክፍት ይል ነበር፤ አሁን ውሃ ሆኗል» ትላለች። ቡና ላይ ሁሉም የየራሱን ይላል። አንዷ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው አለች። ሌላዋ ሰውነትሽ ለምዶታል አለች።

ይቺ «ለምዶታል» ናት የያዘችኝ። ክፍል ውስጥ ሳልቡታሞል፣ የሰማያዊዋ ፓፍ መድኃኒት ማለት ነው፣ ሲደጋገም የቤታ 2 ሪሰፕተር፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ፕሮቲን፣ ከሴሉ ገጽ ላይ ይቀንሳል ተብለናል። ሃንድአውቱ በአንድ መስመር ነው ያለፈው። ለፈተና ሸመደድኩት፤ ግን እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ሪሰፕተሩ ከገጹ ላይ ሲጠፋ ወዴት ነው የሚሄደው? ይሞታል ወይስ ይመለሳል? እዚያው ሃንድአውት ላይ ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብ ኪኒን ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ሪሰፕተሩን ያበዛል ይላል። ይሄስ እንዴት ነው? ደግሞ መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ወይ?

ጋሼዎችም እህቶችም፣ የምታውቁ ካላችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።


የቡሬው ፋርማሲስት፦

የኔ ልጅ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ግን ሪሰፕተሩ ትንሽ ይቆየንና ከአክስትሽ እንጀምር።

«ፓፉ አልይዝ አለኝ» ብሎ መድኃኒት ቤቴ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ «እስኪ እኔ ፊት ይሳቡት» ነው የምለው። ብዙው ሳይነቀንቅ ይጫነዋል። መጫኑና መሳቡ ደግሞ አይገጥምለትም። ከዚያ ነጭ ጉም ከአፉ ብትን ብሎ ሲወጣ ታያለሽ። ያ ጉም ሳንባ መግባት የነበረበት መድኃኒት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ፓፍ ይዞ ይመጣል። አንዱ ፓፍ 200 ጊዜ ነው የሚሳበው። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ጋዙ ጢስ ማለቱን አይተውም፤ ሰውም ገና አለ ብሎ ይስባል። እነዚህን እይላት። ሌላ የምትወስደው ኪኒን ካለም ስሙን አንብበሽ ጻፊልኝ።

ሌላው፣ ሰማያዊዋ ፓፍ ሥራዋ የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ ማላላት ብቻ ነው። ቧንቧው ውስጥ ያለውን የአስም እብጠት አትነካውም። እብጠቱ እየባሰ ሲሄድ ሰው ፓፏን ያበዛል፤ ሕመሙ ግን ከስር እየሠራ ነው። ለዚህ ነው ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ አዋቂን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ይቅር ያለው። እብጠቱን የሚቀንስ፣ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ያስፈልጋታል። አላት ወይ? እሱንም ንገሪኝ።

አሁን ወደ ሪሰፕተሩ። ቤታ 2 ሪሰፕተር የሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየበሳ የሚያልፍ ፕሮቲን ነው። አፉ ወደ ውጭ ነው፣ ጭራው ወደ ውስጥ። ሳልቡታሞል አፉ ላይ ሲቀመጥ ቅርጹ ይለወጣል፤ መልእክቱን የሚቀበለው፣ ውስጥ ያለው ጂ ፕሮቲን ይቀሰቀሳል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለው የሴሉ መልእክተኛ ይበዛል፣ ጡንቻው ይላላል። እስከዚህ ታውቂዋለሽ። ሃንድአውትሽ የዘለለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ሪሰፕተሩ ሥራ ላይ ሳለ ጂአርኬ የሚባል ኢንዛይም ይመጣና ጭራው ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ፎስፌቱን ተከትሎ ቤታ አሬስቲን የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ይጣበቅበታል። አሬስቲን ሁለት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ ጂ ፕሮቲኑን ያግደዋል፤ ሪሰፕተሩ ገጹ ላይ እያለ ዝም ይላል ማለት ነው። ቀጥሎ ሪሰፕተሩን ክላትሪን ወደሚባለው ፕሮቲን ይጎትተዋል። እዚያ ቦታ ላይ የሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ዳይናሚን የሚባል ሌላ ፕሮቲን የስርጉዱ አንገት ላይ ይጠመጠምና ይቆርጠዋል። በቃ፣ ሪሰፕተሩ በትንሽ ከረጢት ሆኖ ሴሉ ውስጥ ገባ። ይሄ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ከረጢቱ ኢንዶሶም ወደሚባል ክፍል ይደርሳል። ውስጡ አሲድነት አለው። መድኃኒቱ ሪሰፕተሩን ይለቀዋል፤ ፎስፌቱም ይነሳለታል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ገጹ ይመልሰዋል፤ ታድሶ ይወጣል፣ እንደገና ይሠራል። ሌላው ወደ ላይሶሶም ይወስደዋል፤ እዚያ ተሰባብሮ ይቀራል። ስለዚህ «ይሞታል ወይስ ይመለሳል» ላልሽው መልሱ ሁለቱም ነው። በቤታ 2 ላይ ብዙውን የሚወስነው መድኃኒቱ ምን ያህል እንደቆየበት ነው። አጭር ከሆነ አብዛኛው ይመለሳል። ለሰዓታት፣ ለቀናት ከቀጠለ ግን ዩቢኩዊቲን የሚባል ምልክት ይለጠፍበትና ወደ ላይሶሶም የሚሄደው ይበዛል። ሴሉም አዲስ መሥራቱን ይቀንሳል። ቁጥሩ በእውነት የሚወርደው ያኔ ነው።

አባቴ ንብ ያረቡ ነበር። ቀፎ ሲያጨሱ ደጁ ላይ ያሉት ንቦች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ጭሱ ሲቆም ወጥተው ቦታቸውን ይይዛሉ። ጭሱ ከልክ ሲያልፍ ግን ቀፎውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ብትጠብቂ የሚመለስ ንብ የለም። እኔ ይሄን ነገር ሁሌ በዚህ ነው የማስታውሰው።

ግን የአክስትሽን ነገር በዚህ ብቻ እንዳትደመድሚ። ሳልቡታሞል ሪሰፕተሩን እንደ አድሬናሊን ሙሉ በሙሉ አይቀሰቅሰውም፤ በከፊል ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚያስገባውም ያነሰ ነው። የአየር ቧንቧ ጡንቻ ደግሞ ትርፍ ሪሰፕተር አለው። የተወሰነው ቢገባ የቀረው ሥራውን ይሠራል። በየቀኑ አዘውትሮ የሚስብ ሰው ላይ መላመድ መኖሩ እውነት ነው። ይበልጥ የሚቀንሰው ግን የተዘጋውን መክፈቱ ሳይሆን እብቁ ሲመጣ ቧንቧው እንዳይዘጋ መከላከሉ ነው። «ውሃ ሆነ» የሚያሰኝ ነገር ከዚህ ብቻ ይመጣል ብዬ አላምንም። ሰው «ሰውነቴ ለመደው» ባለ ቁጥር ሪሰፕተር አለቀ ማለት አይደለም። ይሄ አባባል እኛ ባለሙያዎቹንም ያሰንፈናል፤ ሳንመረምር ገላገለን እንላለን።

ፕሮፕራኖሎልን በአጭሩ ልበልሽ። እሱ ሪሰፕተሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይቀሰቅሰውም። ካልቀሰቀሰው ጂአርኬ አይመጣም፣ አሬስቲን አይመጣም፣ ማንም አይጎትተውም። በዚያ ላይ የራስሽን አድሬናሊን ያግዳል፤ በተፈጥሮ ይገባ የነበረው እንኳ አይገባም። ጊዜ ሲያልፍ ገጹ ላይ ሪሰፕተር ይጠራቀማል።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን ላብ ውስጥ ላሉት ትቼዋለሁ። እኔ ሱቅ ልክፈት።


የብቸና ልጅ፣ ከላብ፦

ጋሼ፣ እንዴት አድርገው አስረዱት! እኔ እነዚህን ሪሰፕተሮች በማይክሮስኮፕ እያየሁ ነው የምውለው፤ ጥቂት ልጨምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሪሰፕተሩ ላይ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን እንቀጥልበታለን። መድኃኒት ከመጨመራችን በፊት ሴሉ ዙሪያውን እንደ ቀጭን አረንጓዴ ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ መሃሉ ጨለማ ነው። እንደ አድሬናሊን ሙሉ በሙሉ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ጠብ ስናደርግበት ቀለበቱ ይነጣጠብ ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ መሃሉ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ይሞላል። ነጠብጣቦቹ ጋሼ ያሏቸው ኢንዶሶሞች ናቸው። መድኃኒቱን አጥበን ስናወጣ ነጠብጣቡ እየሳሳ ቀለበቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳ መብላቴን ረስቻለሁ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ አይ፣ መድኃኒት ሁሉ እንዲህ አያደርግም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሪሰፕተሩ አንድ ሆኖ መድኃኒቱ ሲለያይ ጉዞውም ይለያያል። ሞርፊንን ውሰጂ። ሞርፊን፣ ፌንታኒልና ሜታዶን የሚሠሩት ሚዩ በሚባለው አንድ ሪሰፕተር ላይ ነው። ሦስቱም ሕመም ያስታግሳሉ። ነገር ግን ላብ ውስጥ በምናሳድጋቸው ብዙ ዓይነት ሴሎች ላይ ሜታዶን ሪሰፕተሩን ግልብጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ፌንታኒልም እንደዚያው፤ ሞርፊን ግን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። በ1998 ደግሞ ሴሉ ውስጥ ጂአርኬውን አብዝተው ሲሞክሩ ሞርፊንም ማስገባት ጀመረ። ስለዚህ ጉዳዩ የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ ሴሉ ውስጥ ማን ማን አለ የሚለውም ይወስናል። አንዱ አካል ላይ የሚገባው ሪሰፕተር ሌላው ላይ ላይገባ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሪሰፕተር ወደ ውስጥ መግባቱ መላመድን የሚያመጣ ከሆነ፣ እምብዛም የማያስገባው ሞርፊን ለምን እንዲህ ይለመዳል? አንዱ ወገን እንዲያውም ያልገባው ነው ጣጣው ይላል፤ ኢንዶሶም ደርሶ ስላልታደሰ ገጹ ላይ ደክሞ ይቀራል፣ ሴሉም ለማካካስ ሌላ ሌላውን ይለዋውጣል ባይ ነው። ሌላው ወገን ይሄን አይቀበልም። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። እኔ በበኩሌ «መግባት ማለት መጥፎ ነው» የሚለውን ቀላል ሐሳብ ትቼዋለሁ። ለብዙ ሪሰፕተር መግባት መታደሻው ነው።

ጋሼ፣ ንቡ ላይ ግን ትንሽ ልከራከርዎ። ንቡ ሲገባ ሥራ ያቆመ ይመስላል። በ2013 ሳንፍራንሲስኮ የሚገኘው የማርክ ቮን ዛስትሮው ላብ ቤታ 2 ሪሰፕተር ኢንዶሶም ላይ ሆኖም ጂ ፕሮቲን እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ገብቶም ይሠራል ማለት ነው። እኛ ስንማር «ገባ፣ ዝም አለ» ነበር የሚባለው።

እና ለጂጋዋ እህቴ፣ ስለዚህ ሪሰፕተር የሚማር ሰው ሁለት ስም ማወቅ አለበት። ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ በ2012 የኬሚስትሪ ኖቤል የወሰዱት በዚህ ቤተሰብ ሪሰፕተሮች ላይ በሠሩት ሥራ ነው። የቤታ 2ን ጂን በ1986 አውጥተው ያነበቡት ከነቡድናቸው እነሱ ናቸው።


የሞጣው ነርስ፦

እኔ ላብ የለኝም፤ ዋርድ ነው ያለኝ። ጋሼ ስለ ፕሮፕራኖሎል የጻፉት ላይ አንድ ነገር ልበል።

የልብ ሕመም ኖሮበት ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ለወራት ሲወስድ የቆየ ሰው ጠበል ሊገባ ሲል ድንገት ያቆመዋል። ጠበሉን ማንም አልከለከለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ኪኒኑ በአንድ ቀን ሲቆም ያ የተጠራቀመ ሪሰፕተር ሁሉ ለገዛ አድሬናሊኑ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ልቡ ይሮጣል፣ ደረቱ ይጨመደዳል፣ ሲብስም ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ይሄ መድኃኒት በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ሞርፊንን ያነሳኸው ወንድሜ፣ አንባቢ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው፦ «ይለመዳል» ተብሎ የካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊን አይከለከልም። ዶዙ ይስተካከላል። የሆድ ድርቀቱ ግን እንደ ሌላው አይለመድም፤ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ።


የጂጋዋ ተማሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ! በአንድ ሴሚስተር ያልገባኝ ነገር ነው። አንድ ልጨምር፦ እስካሁን ያወራነው ሪሰፕተሩ ሲገባ እንደ ጉዳት ነው። ሆን ተብሎ ሪሰፕተሩን ለመደበቅ የተሠራ መድኃኒት አለ ወይ? የአክስቴን ነገር ማታ አይቼ እጽፋለሁ።


የቡሬው ፋርማሲስት፦

መጀመሪያ ለብቸናው ልጅ። ክርክርህ ጥሩ ነው፤ ግን ቀፎ ውስጥ የገባ ንብም ማር ይሠራል። ንቤን አልለቅም።

አለ ወይ ላልሽው፣ አለ፤ እኔ የምወደው ፊንጎሊሞድ ነው። እኛ መደርደሪያ ላይ የለም፤ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ለሚባለው የነርቭ ሕመም ነው፣ አሜሪካ በ2010 ፈቀደችው። በዚህ ሕመም ነጭ የደም ሴሎች የራስን ነርቭ ያጠቃሉ። እነዚህ ሴሎች ከንፍፊት ዕጢ ለመውጣት ኤስ1ፒ1 የሚባል ሪሰፕተር ያስፈልጋቸዋል፤ መውጫው ወዴት እንደሆነ የሚያውቁት በሱ ነው። ፊንጎሊሞድ ሰውነት ውስጥ ፎስፌት ይጨመርበትና ይሄን ሪሰፕተር ይቀሰቅሰዋል። ልብ በይ፣ አያግደውም፣ ይቀሰቅሰዋል። ግን አቀሳቀሱ ኃይለኛ ስለሆነ ሪሰፕተሩ ተጎትቶ ይገባል፣ በመጨረሻም ላይሶሶም ወይም ሌላው የሴሉ ፕሮቲን ማፍረሻ ይበላዋል። ሴሎቹ መውጫ አጥተው ዕጢው ውስጥ ይቀራሉ። ቀስቃሽ መድኃኒት በሥራው አጋጅ ሆነ። ልብ ላይም ተመሳሳይ ሪሰፕተር ስላለ የመጀመሪያዋ ኪኒን የልብ ምት ታወርዳለች፤ ስለዚህ ሕመምተኛው በዚያች ቀን 6 ሰዓት ያህል ክትትል ስር ይቆያል። የመቀስቀሷ ምልክት እሱ ነው። ከዚያ ሪሰፕተሩ ሲገባ ምቱ ይመለሳል።

የፕሮስቴት ካንሰር ላይ የሚሰጡት ጎሰሬሊንና ሉፕሮላይድም በዚሁ መንፈስ ነው የሚሠሩት። አንጎል ፒቱታሪ ዕጢን የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን በየተወሰነ ጊዜ ብልጭ ድርግም እያደረገ ነው የሚለቀው። መድኃኒቱ ግን ያለ እረፍት ሲቀሰቅስ ፒቱታሪ ዕጢ መልስ መስጠት ያቆማል፣ ቴስቶስትሮን ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ይጨምራል፤ ያንን ሳታስቢ ከሰጠሽ ሕመሙን ታብሺዋለሽ።

ተቃራኒውም አለ፤ ሪሰፕተሩ እንዳይሞት የሚጠብቅ መድኃኒት። የኮሌስትሮል ነገር ነው። ጉበት ኤልዲኤልን፣ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ከደም ውስጥ የሚለቅምበት ሪሰፕተር አለው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ዳላስ ላይ ይሄን አጥንተው በ1985 ኖቤል ወስደዋል። ሪሰፕተሩ ኤልዲኤሉን ይዞ ይገባል፣ ኢንዶሶም ላይ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ 20 ሰዓት ያህል። አስቢው፣ በዕድሜው ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ፒሲኤስኬ9 የሚባል ፕሮቲን ሲጣበቅበት ግን መመለሻውን ስቶ ላይሶሶም ይገባል። በ2015 የተፈቀዱት ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ ይሄን ፕሮቲን ይይዙታል። ሪሰፕተሩን አልነኩትም፤ የሚገድለውን ነው የያዙት። ኤልዲኤል በግማሽና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ዋጋቸውን ግን አትጠይቂኝ።

አንድ የኛው አገር መድኃኒት ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ክሎሮኪን። ቆላ ወርዶ ቫይቫክስ ወባ የያዘው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ መራራውንም አይረሳውም። ክሎሮኪን አሲድ ያለበት ቦታ ይጠራቀማል። የወባ ተውሳኩን የሚገድለው የገዛ ምግብ መፍጫው ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። የኛ ላይሶሶምም አሲድ ስለሆነ እዚያም ይገባል፤ መጠኑ ሲበዛ አሲዱን ያረግበዋል፣ መፍረስ ይቆማል። ስለዚህ ላብ ያሉ ሰዎች ሪሰፕተር ላይሶሶም ገብቶ መሞቱን ማጣራት ሲፈልጉ ክሎሮኪን ጠብ ያደርጉበታል። ሪሰፕተሩ ሳይጠፋ ተከማችቶ ከተገኘ መንገዱ እዚያ ነበር ማለት ነው። የብቸናው ልጅ፣ ተሳሳትኩ?


የብቸና ልጅ፣ ከላብ፦

አልተሳሳቱም ጋሼ። ማቀዝቀዣችን ውስጥ አለ። ዛሬ ያው ሥራ ባፊሎማይሲን በሚባል ሌላ ነገርም ይሠራል፤ ክሎሮኪን ግን አልተተወም።


ደጀን ላይ ያለሁ፦

ሰዎች፣ ሁሉንም አነበብኩት፣ ግሩም ነው። ግን አውድማውን ከቤቱ ጀርባ ለምን አታርቁትም? ንፋስ ከወዴት እንደሚመጣ አይታችሁ ከቤቱ በታች በኩል አድርጉት። ቢያንስ በሚወቃ ቀን አክስትሽ ዘመድ ቤት ትዋል። ምድጃው ጭስስ አለው? የእንጀራው ጭስ ከእብቁ አይተናነስም።


የጂጋዋ ተማሪ፦

አይቼ መጣሁ። ጋሼ እንዳሉት እኔ ፊት አስሳብኳት። ነጩ ጉም ወጣ። ፓፉ ግን ባዶ አይደለም፣ ጊዜውም አላለፈበትም። ስቴሮይድ የሚባል ታዝዞላት አያውቅም።

ሌላ ኪኒን ትወስጃለሽ ወይ ብላት «የለም» አለች። ከዚያ ቆየት ብላ «ለራስ ምታቴ የምውጣት ካልሆነች» አለች። ሳጥኗ ውስጥ ላስቲክ ተጠቅልላ አገኘኋት። ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ። የራስ ምታቷ ማይግሬን ነው ተብሎ አንድ ክሊኒክ ሰጥቷት ነው። አስም እንዳለባት ጠየቁሽ ወይ ስላት አልጠየቁኝም አለች። ከመቼ ጀምሮ ስላት ከመስቀል ወዲህ። ፓፉ ውሃ የሆነው መቼ ነው ስላትም ከመስቀል ወዲህ።

ሳየው ክው ነው ያልኩት።


የቡሬው ፋርማሲስት፦

ይኸው። ኪኒኑን አንብቢልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሪሰፕተሩ የትም አልሄደም። ገጹ ላይ ነው ያለው፤ ምናልባትም ከመስቀል በፊት ከነበረው በዝቶ። ግን ተይዟል። ፕሮፕራኖሎል የልቡን ቤታ 1 ከሳንባው ቤታ 2 አይለይም፤ ሁለቱም ላይ ይቀመጣል። ሳልቡታሞል ሲመጣ ቦታ ያጣል። ሁለቱ ስለሚሻሙ ደጋግማ ስትስብ ትንሽ ቀለል ይላታል እንጂ እንደ ድሮው አይከፍትላትም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቧንቧውን ክፍት አድርጎ የሚያቆየውን የገዛ አድሬናሊኗን መከልከሉ ነው። አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አይሰጥም። ይሄ ደግሞ ሁሉም የመድኃኒት መጽሐፍ ላይ አለ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ዛሬውኑ ሐኪም ትያት፣ የማታዋን ኪኒን ከመዋጧ በፊት። ፓፉንም ኪኒኑንም ይዛችሁ ሂዱ። አስም እንዳለባት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ይሁን። እንዴት ይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፤ ልቧን አይቶ፣ ግፊቷን ለክቶ። የሞጣው ነርስ የጻፈውን አንብበሻል። ለማይግሬኑ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ ሌላ አማራጭ አለ። የሚሳብ ስቴሮይዱንም አንሺላቸው። መንገድ ላይ ወይም ቤት እያላችሁ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ወረፋ የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ አይፕራትሮፒየም የሚባል ሌላ የሚሳብ ቧንቧ ከፋች ካለ ይረዳታል፤ እሱ የሚሠራው በሌላ ሪሰፕተር ስለሆነ ፕሮፕራኖሎል አያግደውም።

ለመሳቡ ደግሞ ስፔሰር፣ ማለትም ፓፉ ላይ የሚገጠመው ጉሙን የሚይዝ ዕቃ፣ ከሌለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። አጥበሽ አድርቂው። ቂጡ ላይ በጋለ ሽቦ የፓፉን አፍ ልክ ብሺው፤ ሰፋ እንዳይልብሽ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኚው። ፓፉን ነቅንቀሽ በቀዳዳው ትሰኪያለሽ፣ እሷ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ትይዛለች፣ አንዴ ትጫኚያለሽ፣ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ኬፕታውን ላይ በልጆች ተሞክሮ በ1999 ታትሟል፣ የተደፈነው ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር አላነሰም።


የጂጋዋ ተማሪ፦

እየወጣን ነው፤ ባጃጁ ቆሟል። አንድ ብቻ፦ ኪኒኑ ሲቆም ያ የተጠራቀመው ሪሰፕተር ሁሉ ክፍት ይሆናል ማለት ነው። ያኔ ሳልቡታሞሉ አይበዛባትም?


የቡሬው ፋርማሲስት፦

ይሄ የፋርማሲስት ጥያቄ ነው። ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ቀናት እጇ ሊንቀጠቀጥ፣ ልቧ ድው ድው ሊልባት ይችላል። ገጹ ላይ የተረፈው እየገባ፣ እየፈረሰ ወደ ቦታው እስኪመለስ ነው። ይሄን ስትፈሪ ግን ፓፉን እንዳትከለክያት፤ ትንፋሽ ካጠራት ትሳብ። እስካሁን ስትደጋግመው የነበረውን ያህል እንዳትደጋግም ብቻ ንገሪያት፤ አሁን አንዷ ልትበቃት ትችላለች። ደረቷን ካመማት ወይም ምቷ ከተዘበራረቀ ተመለሱ። ሂጂ አሁን፣ ባጃጁን አታስቁሚው።